ፍላሹ ከሌንሱ በላይ ይሁን

(በኅዳር ወር የአባላት ስብሰባ ላይ በፎቶ ሥራ ከተሰማሩት አባሎቻችን አንዷ ያቀረበችው ንግግር ነው። እንደተናገረችው አትመነዋል።)



ሊቀመንበራችን «ስለዚያ ብረት ለሁላችንም አስረጂን» ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እኔ የለመድኩት ሌላው ቆሞ ሲናገር ከጎን ሆኜ ፎቶ ማንሳት ነው። ነገር ግን የተነሳው ጉዳይ የሁላችንም ገንዘብ ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

አንዳንዶቻችሁ ባለፈው ስብሰባ ስላልነበራችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በማኅበራችን ውስጥ በፎቶ ሥራ የምንተዳደር ሦስት ነን። ለሦስታችን ከተዘዋዋሪው ብድር የፍላሽ ብራኬት ከነሙሉ ዕቃው ይገዛልን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ካሜራ አላችሁ፣ ፍላሽ ገዛችሁ፣ አሁን ደግሞ ብረት?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነታቸውን ነው። ያ ገንዘብ ከእንቁላልና ከበርበሬ ሽያጭ ላይ በየወሩ እየተቀነሰ የተጠራቀመ ነው፤ ድጋፍ የሰጡን ወገኖችም ምን ላይ እንደዋለ ይጠይቁናል። ስለዚህ ዛሬ የማስረዳው ብራኬት ምን እንደሆነ ብቻ አይደለም። ያቀረብነው ሐሳብ ላይ እኔ ራሴ አንድ ለውጥ አለኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

አሁን እነዚህን ሁለት ፎቶዎች እያያችሁ አሳልፉልኝ። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ፊት፣ የእህቴን ልጅ አቁሜ ያነሳኋቸው ናቸው። አንደኛው ላይ ከልጅቷ ጎን ሌላ ጥቁር ሰው የቆመ ይመስላል። እሱ ጥላዋ ነው፤ ነጠላዋን ተከትሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ላይ ጥላው የለም። እንዲያውም አለ፣ ግን ወርዶ ከጀርባዋ ስለተደበቀ አይታይም። ካሜራው ያው ነው፣ ፍላሹም ያው ነው። የተለወጠው ፍላሹ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፍላሽ የሚሰካው በካሜራው አናት ላይ ነው። ካሜራውን በአግድም ስንይዘው ፍላሹ ከሌንሱ በላይ ይሆናል፣ ጥላውም ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይም ከላይ ስለምታበራ ዓይናችን የለመደው ይህንኑ ነው። ሙሽራን ከነቀሚሷ፣ ከራስ እስከ እግር ለማንሳት ግን ካሜራውን ወደ ቁም እናዞረዋለን። ያን ጊዜ አናት ላይ የነበረው ፍላሽ ጎን ላይ ይተኛል። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ጥላውም በሌላው ጎን ይዘረጋል። በሰርግ ደግሞ ሰው የሚፈልገው አብዛኛው ፎቶ የቁም ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም እሱ ነው። ብራኬት የሚባለው እንግዲህ ከካሜራው ሥር ታስሮ ፍላሹን ወደ ላይ አውጥቶ የሚይዝ ብረት ነው። ካሜራው ቢዞርም ባይዞርም ፍላሹ ከሌንሱ በላይ እንዲሆን ያደርጋል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ሁለተኛው ጥቅሙ የቀይ ዓይን ነገር ነው። በጨለማ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል። ፍላሹ ለሌንሱ ቅርብ ከሆነ ብርሃኑ በሰፋው ብሌን ገብቶ ከዓይን ውስጠኛው ግድግዳ፣ የደም ሥር ከሞላበት ቦታ፣ ነጥሮ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ፎቶው ላይ ሙሽራው እንደ ጅብ ዓይኑ የሚያበራው ለዚህ ነው። ፍላሹ ከሌንሱ በራቀ መጠን ብርሃኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለሳል፣ ዓይኑም ዓይን ይመስላል። ከሩቅ ስናነሳ ደግሞ ቀይ ዓይኑ ይብሳል፤ ስለዚህ ካሜራው ላይ የተሰራችው ትንሿ ፍላሽ ለማታ ሰርግ አትሆንም።

የከተማ ፎቶ አንሺዎች ይህንን በሌላ መንገድ ይወጡታል። ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ ያዞሩታል፤ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ተበትኖ ሲመለስ ለስላሳ ይሆናል፣ ጥላም የለውም። ባሕር ዳር ባለ አዳራሽ ውስጥ ይህ ከብራኬት ይሻላል፣ አልዋሽም። የእኛ ሰርግ ግን በዳስ ነው። የዳሱ ጣሪያ ሸራ ነው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ አረንጓዴ። ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ይመለሳል። የመጀመሪያ ዓመቴን ሰማያዊ ሸራ ሥር በነጭ ጣሪያ ሥርዓት አንስቼ፣ ሙሽራዋንና አራቱን ሚዜዎች በብርድ የደረቁ አስመስዬ ያቀረብኩ ሰው ነኝ። ቡናማ ፊት በሰማያዊ ብርሃን ምን እንደሚመስል ካላያችሁ አትዩት። በዳስ ውስጥ ብርሃኑን ቀጥታ ወደ ሰው መላክ ግድ ይላል፤ ቀጥታ ከላኩት ደግሞ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ማሰብ ይመጣል። ብራኬት ለከተማው ፎቶ አንሺ እንደ ትርፍ ዕቃ ሊቆጠር ይችላል፤ ለእኛ ግን ሥራው ያለ እሱ የማይሆን የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታስቡ፦ ብራኬት ብርሃንን አያለሰልስም። ጥላውን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ፍላሹ ላይ የነጠላ ቅዳጅ ብታስሩለትም አይለሰልስም፤ ብርሃን የሚለሰልሰው የሚወጣበት ስፍራ ሲሰፋ ነው፣ ቅዳጁ ደግሞ ከፍላሹ ፊት አይሰፋም። ባትሪ ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም። እኔም አድርጌው ነበር፣ ለዚህ ነው የምናገረው።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ቀጥ ያለ ብረት ሆኖ በግራ በኩል መያዣ እጀታ ያለው ነው። ርካሹ እሱ ነው፤ ሱቅ ገብታችሁ «ብራኬት» ስትሉ መጀመሪያ የሚያወጡላችሁም እሱን ነው። ፍላሹን ከካሜራው ግራ ጎን ያቆመዋል። ካሜራውን ወደ ቁም ስታዞሩት ፍላሹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥሩ ነው። ወደ አግድም ስትመልሱት ግን ጎን ላይ ይቀራል። ችግሩን ከቁም ፎቶ ወደ አግድም ፎቶ አዛወረው እንጂ አልፈታውም። ሌላም አለበት፦ ግራ እጃችሁ እጀታውን ስለያዘ የሌንሱን ቀለበት የሚያዞር እጅ አይኖርም። ሰርገኛ እየጨፈረ ሲመጣ ማቅረብና ማራቅ ካልቻልሽ ምኑን አነሳሽው?

ሁለተኛው ክንዱ የሚገለበጥ ነው። ካሜራውን ወደ ቁም ስታዞሩ የፍላሹን ክንድ በአንድ እጅ ገፋ ታደርጉትና ተመልሶ ከሌንሱ በላይ ይቆማል። ስትሮቦፍሬም የሚባለው የቆየ የአሜሪካ ዕቃ በዚህ ዓይነት ነው የታወቀው፤ በርካሽ የተሠሩ አምሳያዎቹም አሉ።

ሦስተኛው ፍላሹ ቆሞ ካሜራው ራሱ በውስጡ የሚሽከረከርበት ነው። ከስሙም ከሥራውም በጣም ያማረ ነው፣ ክንድ መገልበጥ የለም። ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ክብደትን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የእኔ ካሜራ ከነሌንሱ ከ1 ኪሎ በላይ ነው። ፍላሹ ከነአራት ባትሪው ግማሽ ኪሎ ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ ግማሽ ኪሎ ብረት ጨምሩበት፤ ከጠዋት የሙሽራ ልብስ ማልበስ ጀምሮ እስከ ማታ ጭፈራ ድረስ በእጅ አንጓ ያዙት። ሌማት ተሸክማችሁ ሰርገኛ ያስተናገዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው ሰዓት ምንም አይደለም፣ ስድስተኛው ሰዓት ላይ ነው ጉዱ። እጅ ሲዝል ደግሞ ፎቶው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሦስተኛውን ዓይነት አይተን እናልፈዋለን፣ የመጀመሪያውን አንገዛም። ክንዱ የሚገለበጠውን ነው የምንፈልገው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ብራኬት ለመግዛት ገንዘብ አነሰኝና እዚሁ አንበሳሜ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ አሠራሁ። ሰውየው እጁ የተባረከ ነው፤ ፎቶግራፍ አሳይቼው በአንድ ቀን ክንዱ የሚገለበጥ ብራኬት ሠራልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሜራው ሥር ያለውን ቀዳዳ በዓይኔ ለክቼ «ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ይበቃዋል» አልኩት፤ በአሥር ቁልፍ የሚፈታውን ማለቴ ነው። ብሎኑ ገባ፣ ጠበቀም። እኔም ደስ አለኝ።

የካሜራ ቀዳዳ ግን በሚሊሜትር አይለካም። በዓለም ላይ ያሉ ካሜራዎች ሥራቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ባለ ሩብ ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ያለው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው። ባለ 6ቱ ብሎን ከዚያ ይቀጥናል፣ ጥርሱም ይጠጋጋል። ሲገባ የያዘ ይመስላል፣ ግን የያዘው በሁለት ጥርስ ጫፍ ነው። በተነቃነቀ ቁጥር የካሜራውን ጥርስ እየበላ ይላላል።

ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል ነው የወጣው። ካሜራው አንገቴ ላይ በማንጠልጠያው ስለነበር ተረፈ። ብራኬቱ ከነፍላሹ ወደቀ፤ የፍላሹ እግር፣ ያ የሚሰካው ፕላስቲክ፣ ለሁለት ተሰበረ። የቀረውን ሰርግ በካሜራው ትንሽ ፍላሽ አነሳሁት። ቀይ ዓይን፣ ጥቁር ዳስ። ጉልበት ስትስም ያለው ፎቶ የለም። ያቺ እናት ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፣ አባላችን ናት። ግማሹን ገንዘብ መለስኩላት፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ሰርግ ግን ተመልሶ አይደገስም። እኔም ፍላሹን እስካሠራ ሁለት ወር ብድሬን ሳልከፍል ቀረሁ፤ መዝገባችን ላይ አለ፣ ያየ ያውቀዋል።

ስለዚህ ብራኬት የምታስመርጡ ወይም የምታሠሩ ሁሉ መጀመሪያ ብሎኑን ጠይቁ። ባለ ሩብ ኢንቹ ከተሰበረ የካሜራ ማቆሚያ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም ባሕር ዳር የካሜራ ዕቃ ከሚሸጡት ይገዛል። ርዝመቱም ይታይ፦ ከብረቱ አልፎ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከረዘመ ሮንዴላ ጨምሩበት እንጂ በኃይል አታጥብቁት። ብረቱና ካሜራው መካከል ስስ ላስቲክ ግቡበት፤ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ይበቃል፣ ካሜራው እንዳይሽከረከር ይይዘዋል። ሌላም የሚረሳ አለ፦ ብረቱ የካሜራውን የባትሪ በር እንዳይሸፍን። ከሸፈነ ባትሪ ለመቀየር በሰርግ መሃል ብሎን ስትፈቺ ነው የምትገኚው። በመጨረሻም ከብራኬቱ ወደ ካሜራው ማንጠልጠያ ጠንካራ ሲባጎ ይታሰር። እኔ ሲባጎ አስሬ ቢሆን ኖሮ ፍላሹ መሬት አይነካም ነበር።

የብራኬቱ ብረት ከአሉሚኒየም ቢሆን ክብደቱ ከተራው ብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሁለተኛውን እንዲያ አሠርቼዋለሁ። አሉሚኒየም እንደ ብረት በየበያጁ አይበየድም፤ ስለዚህ በብየዳ ፋንታ በብሎንና በዳዶ ተያይዟል። ካለፈው ፋሲካ በኋላ በነበሩት ሰርጎች ሁሉ ሠርቼበታለሁ። ይኸው ነው፣ ይዤው መጥቻለሁ።

አሁን ወደ ገመዱ። ፍላሹ ከካሜራው አናት ሲነሳ ካሜራው «አሁን አብራ» የሚለው በምን ይነግረዋል? በገመድ ነው። ገመዱ በአንድ ጫፉ ካሜራው አናት ላይ ይሰካል፣ ፍላሹ በሌላው ጫፉ ላይ ይቀመጣል። ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልግም ካሜራው ለፍላሹ የሚነግረው በዚሁ ገመድ ነው። ገመዱ የራሱ ዘር አለው፦ የካኖኑ ለኒኮን አይሆንም፣ የኒኮኑም ለካኖን አይሆንም፤ አናት ላይ ያሉት ትንንሽ ነጥቦች አቀማመጣቸው ይለያያል። እኛ ሦስታችን ውስጥ ሁለታችን ካኖን ነን፣ አንዷ ኒኮን ናት። በደፈናው «ሦስት ገመድ» ብለን ካዘዝን አንዱ ለማንም የማይሆን ሆኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ርካሽ ገመድ ደግሞ አንዱን ፎቶ ያበራል፣ አንዱን ይዘላል። በጥር ሰርግ መሃል የሚዘል ፍላሽ ከሌለ ፍላሽ ይብሳል፤ ከሌለ ቢያንስ ታውቂዋለሽ።

«ገመድ የሌለው፣ በሬዲዮ የሚሠራ አለ አይደል?» ብላ ከእኛ መካከል አንዷ ጠይቃኛለች። አለ። ጎዶክስ የሚባለው የቻይና ሥራ በዚህ የታወቀ ነው። አንዱን ማሠራጫ ካሜራው አናት ላይ ትሰኪና ፍላሹን ረዳት በእንጨት ላይ አስራ ከሩቅ ትይዛለች። ብርሃኑ ያምራል፤ ሙሽሮቹን ለብቻ ሜዳ ላይ ለማንሳት ከብራኬት ይበልጣል። እኔም አንድ ቀን እገዛዋለሁ። በዳስ ውስጥ ግን ጭፈራው ሲነሳ ረዳቷ ከእንጨቷ ጋር አብራ ትጨፍራለች። ወድዳ አይደለም፣ ሕዝቡ ነው የሚወስዳት። ብራኬት ላይ ያለው ፍላሽ እኔ ባለሁበት አለ። ያለ ገመድ በሬዲዮ የምትሠሩና ፍላሹን ብራኬቱ ላይ በቀጥታ የምታስቀምጡ ካላችሁ፣ መቀመጫው ባዶ ብረት ከሆነ ፕላስተር ልጠፉበት፤ የፍላሹን የታች ነጥቦች ብረት እንዳያገናኛቸው።

ስለ ብርሃን መጠን አንዲት ቃል ብቻ። ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ፊትም ይጠቁራል። ፍላሹን ከዜሮ በላይ ሁለት ሦስተኛ ያህል ጨምሩ። ከዚያ በላይ ከጨመራችሁ የቀሚሱ ጥበብ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ ሸማኔው የደከመበት ነውና እሱም መታየት አለበት። በቤተ ክርስቲያን ግን ካህናቱ ካልፈቀዱ ፍላሹ ይጠፋል፣ ብራኬቱም ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

የመጣሁበትን ልናገር። ለሦስታችን የተገዛ ብራኬት ከነሙሉ ዕቃው ይቅር እላለሁ። ብራኬቱን እዚሁ እናሠራዋለን፤ ልኩን እኔ እሰጣለሁ፣ ከሠሪው ጋርም አብሬ እቆማለሁ። የማኅበሩ ገንዘብ እኛ ልንሠራው በማንችለው ላይ ይዋል፦ ሁለት የካኖን ገመድና አንድ የኒኮን ገመድ፣ ጥሩ ጥሩው ይገዛ፤ በላዩ ላይ ስድስት ባለ ሩብ ኢንች ብሎን፣ ለእያንዳንዳችን አንድና አንድ መጠባበቂያ። ይህ ከቀረበው ገንዘብ በጣም ያንሳል። የሚተርፈው ባለፈው ወር ስለ ልብስ ስፌት መኪናው የጠየቀችው እህታችን ዘንድ ቢሄድ እኔ አልቃወምም። የፎቶ ጓደኞቼ ይህን ስሰማ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ፣ አንዷ እሺ ብላለች፣ አንዷ እያሰበችበት ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ሥራው ስላለ ነው። ሙሽራ ስትለብስ፣ ፀጉሯ ሲሠራ፣ እናቷ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ወንድ ፎቶ አንሺ በር ላይ ነው የሚቆመው፤ እኛ እንገባለን። ሴት ፎቶ አንሺ ስትባል ሰው አሁንም ይገረማል። አዲስ አበባ ተወልዳ ስሟ በዓለም የታወቀው አይዳ ሙሉነህ ግን «አዲስ ፎቶ ፌስት» የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው በፈረንጆቹ 2010 ነው። የእኛ ሐሳብ እስከዚያ አይደርስም፤ የደራንና የአካባቢያችንን ሰርግ በደንብ ማንሳት ይበቃናል።

ጊዜ ግን የለንም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም ሰርጉ ይከታተላል። ገመዱ ከባሕር ዳር ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ውሳኔው ዛሬ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ብራኬቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከነካሜራው አንሱትና ክንዱን ገልብጡት፣ ክብደቱንም ሞክሩት። ያቺ እናትም ትሞክረው፤ የሁለተኛ ልጇ ሰርግ ጥር ላይ ነው፣ እኔን ጠርታኛለች።